ለሌላ ሐኪም የተሰጠችው ሯጭ

አሯሯጭ ማለት በደመወዝ የሚሸነፍ ሰው ነው። ከፊት ይሮጣል፣ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፣ ኋላው ያሉት ሳይደክሙ እንዲቆዩ ፍጥነቱን ይጠብቅላቸዋል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዞር ብሎ ከመስመሩ ይወጣል። ጭብጨባው የሌላ ነው። ይህቺ የምናወራላት ልጅ ወጣትነቷን በሙሉ ስትሮጥ ኖራ የማብቂያውን መስመር እየሮጠች አልፋው አታውቅም። በሰፈርም በስታዲየምም «አሯሯጯ» እያሉ ነው የሚጠሯት።

በዚህ ዓመት ግን አሰልጣኟ ጠርቷት፣ «በሚመጣው ውድድር ማንንም አታሯሩጪም። ለራስሽ ነው የምትሮጪው፤ እስከ መጨረሻው» አላት። ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ የደስታ ነበር። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው የቀኝ ዳሌዋ የከዳት።

ሕመሙ ከብሽሽቷ ጥልቅ ውስጥ ነበር የሚነሳው። ጫማዋን ስታስር፣ ከመኪና ስትወርድ፣ ከወንበር ስትነሳ ጠቅ ያደርጋታል። አረፈች፣ ፊዚዮቴራፒውን ሠራች፣ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። አልለቀቃትም። በመጨረሻ ሯጮች ሁሉ ወደሚያውቁት የአጥንትና የመገጣጠሚያ ክሊኒክ ሄደች።

የክሊኒኩ ባለቤት አንዲት አንቱ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ልጃቸው ደግሞ እዚያው በአልትራሳውንድ እየተመራ መገጣጠሚያ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ነው። ሯጮች ወሬ አያልቅባቸውምና እናትየውን «ቢላዋ»፣ ልጁን «መርፌው» ብለው ሰይመዋቸዋል። «ከመርፌው ያመለጠ ቢላዋ ጋ ይደርሳል» እያሉ ይሳሳቃሉ፤ የታመመው ሰው ግን አይስቅም።

መርፌው ዝምተኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ለአልትራሳውንዱ የሚቀባው ጄል እንዳይቀዘቅዛት ብሎ ጠርሙሱን በሁለት መዳፎቹ መሃል ይዞ እስኪሞቅ ጠበቀ። እሷ ይህን አየች። ማንም ሐኪም እንዲህ ሲያደርግ አይታ አታውቅም።

«ይኼ ማደንዘዣና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው» አላት። «ሕመምሽ ከጠፋ ችግሩ መገጣጠሚያው ውስጥ ነው ማለት ነው። ግማሹ ምርመራ ነው። የደነዘዘ እንጂ የዳነ እንዳይመስልሽ፤ አደራ።»

አደራውን የት እንዳስቀመጠችው እንጃ። ሕመሙ እልም ብሎ ጠፋላትና የክሊኒኩን ደረጃ እየዘለለች ወረደች። ሳምንታት ሙሉ በዚያ ዳሌ ላይ ሮጠች። ለክትትል ስትመጣም ልጁ ስለ ሩጫ ይጠይቃት ጀመር።

«ከፊት ስትሆኚ ኋላሽ ያሉትን ትሰሚያለሽ?»

«ኮቴያቸውን እሰማለሁ። ከኮቴያቸው ማን እንደደከመ አውቃለሁ።»

«እኔም ሰው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ነው ሕመሙን የማውቀው» አለና አንገቱን ደፋ። «ያንቺን ግን ገና በኮሪደሩ ስትመጪ ነው የምለየው።»

ቃሉ እንደ ሞቀው ጄል ሆነላት።

ከዚያም የተወጋችው መድኃኒት ኃይሉ አለቀና ሕመሙ ተመለሰ፤ ያውም ብሶ። በኤም አር አይ ሲታይ የመገጣጠሚያው ጎድጓዳ ጠርዝ ላይ ያለው ለስላሳ ቀለበት ተቀዷል፤ የጭን አጥንቷ አንገት ላይም ጉብታ አለ። ውድድሩ ደግሞ ደርሷል። አሯሯጯ ያን ቀን ጠዋት ወደ ክሊኒኩ የሄደችው አንድ ነገር ለመለመን ነው፤ ሁለተኛ መርፌ።

እንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተሯን አየች። «አንቺ እኮ ወደ ትልቋ ዶክተር ተዛውረሻል።»

«ማን አዛወረኝ?»

«ራሱ ዶክተሩ።»

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ በመስታወቱ በር በኩል አየችው። አያት። ዓይኑን ሰበረ።

«ዶክተር!» እያነከሰች ደረሰችበት። «ሁለተኛ መርፌ እንድትወጋኝ ነው የመጣሁት።»

«አልወጋሽም።»

«ለምን?»

«ሁለተኛው መርፌ ሕመሙን ያፍነዋል እንጂ የተቀደደውን አይሰፋም። በደነዘዘ መገጣጠሚያ ላይ ስትሮጪ፣ አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚያለሰልሰው ልም አጥንት ይበላል። እሱ ካለቀ ደግሞ እናቴም አትመልሰውም።»

«እሺ፣ ከራሴ ደም የሚሠራው መርፌስ? ጓደኛዬ ተወግታ ተሽሏታል።»

«ለአንዳንድ ሰው ያስታግስ ይሆናል፤ በደንብ የተረጋገጠ ነገር ግን የለም። ያንቺን ጉብታ ደግሞ የትኛውም መርፌ አያነሳውም።» ቀና ብሎ ሊያያት ፈለገና ተወው። «ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ ሐኪምሽ እናቴ ናት።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም። እኔ ነኝ። አንቺን ማከም አልችልም። ሕክምናሽን ከወሰንሽ በኋላ እነግርሻለሁ፤ አሁን ግን አይሆንም።»

ከተናገረው ሁሉ የሰማችው «አልችልም» የሚለውን ብቻ ነው። ሰው ሲከፋው ጆሮው ጠባብ ይሆናል።

«ለካ አንተም አሯሯጭ ነህ» አለችው። «ግማሽ መንገድ ድረስ አምጥቶ መውጣት! ይኼንንማ እኔም አውቅበታለሁ።»

ወጣች። ደረጃውን በዚያን ጊዜ በዝላይ እንዳልወረደችው፣ ዛሬ እጀታውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደችው።

አባቷ ጎሚስታ ነው። ሱቁ መንገድ ዳር ያለች፣ አሮጌ ጎማ እንደ አጥር የተደረደረባት፣ የአየር መሙያው ሲነሳ ወሬ የሚያቋርጥባት ጠባብ ቤት ናት። ስትገባ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልግ ነበር።

«መጣሽ የኔ እመቤት? ወጋሽ?»

«አልወጋኝም። ለእናቱ ሰጠኝ።»

«ለቢላዋ?» ጎማውን ለቀቀው፤ ውኃው ሸሚዙ ላይ ተረጨ። «እኔ እያለሁ ማንም ልጄን አይቀድም! መርፌ ይበቃሻል። ሌላ መርፌ ቤት እንሂድ።»

«አባዬ፣ ሚስማር የዋጠ ጎማ ይዘው ሲመጡ አንተ ንፋስ ብቻ ሞልተህ ትሰዳለህ?»

«እሱማ ነውር ነው! ሰው መንገድ ላይ ይገለበጣል።»

«እና?»

«እናማ… ጎማና ልጅ አንድ ነው እንዴ! ጎማ ቢበላሽብኝ ሌላ ጎማ አለ።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። አባት ይህን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠርጎ አጠገቧ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ይኼ ልቅሶ የዳሌ አይመስለኝም» አላት ቀስ ብሎ።

«እኔን እንዳይቀርብ እናቱ ናቸው የከለከሉት አባዬ። እኔ ማን ነኝ? እነሱ ሐኪም ከነሐኪም ናቸው። የጎሚስታ ልጅ ዳሌዋን እንጂ ልቧን ይዛ እዚያ ቤት አትገባም።»

«እሳቸው እንዲህ አሉሽ?»

«አላሉኝም።»

«ታዲያ ያልተባልሽውን ለምን ትሸከሚዋለሽ?» ራሷን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። የጎማና የግራሶ ሽታው ከሕፃንነቷ የምታውቀው ነው። «ሂጂና ከራሳቸው አፍ ስሚ። እኔም ዝም ብዬ አልቀመጥም፤ ለፈጣሪ እነግረዋለሁ። እሱ ጎሚስታም ሐኪምም አያማርጥም።»

ያንን ስትሰማ ወደ ትልቋ ዶክተር ለመሄድ ቆረጠች።

የትልቋ ዶክተር ክፍል ጸጥ ያለ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ብርሃን ያለው ሰሌዳ። ስለ እጃቸው ብዙ ይወራል፤ «እጇ ላይ ውኃ ብታስቀምጥ አይነቃነቅም» ይባላል። እውነትም የእስክሪብቷቸው ጫፍ የዳሌዋ ምስል ላይ አርፎ ሲቆም፣ እንደ ተመታ ሚስማር ቀጥ ያለ ነበር።

«ይኸውልሽ ልጄ፤ ቅዳዱ እዚህ ነው። እግርሽን ባነሳሽ ቁጥር ይኼ ጉብታ እየገፋ ያሰፋዋል። ሩጫ ብትተዪ በፊዚዮቴራፒ ብቻ ደህና ልትኖሪ ትችያለሽ። መሮጥ ከፈለግሽ ግን በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን ጉብታውን ሞርደን፣ የተቀደደውን መልሰን እናስረዋለን።»

«እንደ ድሮዬ እሮጣለሁ?»

«ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ሁሉም አይመለሱም። አልዋሽሽም። ክራንች አለ፣ ትዕግሥት አለ፣ የሚያሰለች እንቅስቃሴ አለ። ደግሞ ዛሬ ነገ አላደርገውም፤ መርፌ ከተወጋሽ ብዙ ስላልቆየ ቶሎ ብንገባ ለኢንፌክሽን ያጋልጥሻል። ጥቂት ወራት እንጠብቃለን። የዘንድሮው ውድድርም ያመልጥሻል።»

አሯሯጯ የምታየው ምስሉን አልነበረም። ያ ውድድር ዓይኗ ላይ ነበር፤ ነጩ የማብቂያ መስመር። ሌላ ክሊኒክ ሄዳ፣ ተወግታ፣ ያንን መስመር አንዴ ብታልፈውስ? ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን?

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ ብሆን ምን ያደርጉኝ ነበር?»

ትልቋ ዶክተር ፈገግ አሉ። ሕመምተኛ ሁሉ የሚጠይቃቸው ነገር ነው።

«ልጄ ብትሆኚማ አልነካሽም።»

«እንዴት?»

«ለሌላ ሐኪም ነበር የምሰጥሽ። ያ ልጄ ትንሽ እያለ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። እኔ ነኝ ያለች ቀዶ ሐኪም፣ እጄ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። መቀስ እንኳ መያዝ አቃተኝ። ለጓደኛዬ ሰጥቼው ውጪ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ለቤታችን ሕግ ሆነ፤ የምንወደውን ሰው አናክምም፣ ለሌላ እንሰጣለን። ልጄም ሐኪም ሲሆን ይኼንኑ ነው የነገ…»

ንግግራቸውን አቋረጡ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ልጁ በዚያ ሰሞን ወደ እናቱ መጥቶ፣ «እማዬ፣ ይቺን ሕመምተኛ አንቺ ብታያት ይሻላል» ብሎ ምክንያቱን ሳይናገር ወጥቶ ነበር። እናትየው ሥራ በዝቶበት ነው ብለው አልፈውት ነበር። አሁን ግን ነገሩ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ በራላቸው።

«አሃ» አሉ ትልቋ ዶክተር፤ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ ደስታም ቁጣም አይነበብም። «እንዲህ ነው ነገሩ?»

አሯሯጯ ጉንጯ ጋለ። ልቧ ሌሎችን አስከትላ ስትሮጥ እንኳ እንዲህ መትቶ አያውቅም። ለካ ያ «አልችልም» ያለው…!

«ሂጂ ልጄ» አሉ እናትየው በመጨረሻ። «ስለ ዳሌሽ አስቢበት። ለማንም ብለሽ አይደለም፤ ለራስሽ።» ስለሌላው ነገር አንድም ቃል አልጨመሩም።

የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ የትም የማያደርስ የእንጨት ደረጃ አለ፤ በዚህ በኩል ወጥተው በዚያ በኩል የሚወርዱት፣ የታመመ እግር መራመድ የሚለማመድበት። ልጁን የላይኛው እርከን ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። ሌላ ሰው አልነበረም።

እጀታውን ይዛ ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ክንድህ ዳነ?» አለችው።

ደንግጦ አያት። ከዚያ ማን እንደነገራት ገባውና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እናቴ… አፏ አያርፍም!»

«እሳቸውን አትቆጣ። ሳያውቁ ነው። አንተን ነው የምቆጣው። ለምን አልነገርከኝም?»

«ታካሚዬ ሳለሽ እንዴት ብዬ? ነውርም ነው፣ ደግሞ ነግሬሽ ቢሆን፣ በዚያ ዓይንሽ እያየሽኝ ‹መርፌውን ስጠኝ› ስትዪኝ እምቢ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ?» እጁን ከፊቱ አወረደ። «ቀዶ ሕክምናውንም ለኔ ብለሽ እንድትመርጪው አልፈለግሁም። ያንቺ እግር ነው። ወስነሽ ስትጨርሺ ልመጣና… ሺህ ጊዜ አውጥቼ አውርጄው ነበር የምናገረውን።»

«ወስኜ ጨርሻለሁ።»

ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ውድድሩ ይቅርብኝ። እሠራዋለሁ። ላንተ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ለራሴ ብዬ አንድ ነገር ስመርጥ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። በል አሁን፣ ያዘጋጀኸውን ተናገር።»

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ሳቀና፣ «ጠፋብኝ» አለ። «ሁሉም ጠፋብኝ። እወድሻለሁ፤ የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

«ይበቃኛል» አለችው። ትከሻዋ ትከሻውን ነካ። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ዳመነ። «እናትህስ? ምን ይላሉ?»

«አላውቅም። እናቴ ዝም ስትል እኔም አላውቃትም።»

«ወይ ጉዴ! ባይፈልጉኝ እኮ ቢላቸው ሥር ነው የምተኛው!»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሙሉ አልነበረም፤ አንድ ጥግ ላይ ፍርሃት ተቀምጦበት ነበር።

ውድድሩ ያለ እሷ ተሮጠ። ከመስመሩ ዳር ቆማ ለጓደኞቿ እያጨበጨበች፣ የማብቂያውን መስመር በዓይኗ ብቻ አልፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የመጠበቂያው ወራት አለፈ። ትልቋ ዶክተር በየቀጠሮው «እግርሽን አንሺ፣ ዝቅ አድርጊ፣ ጎሽ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አያነሱም። ጠሏት ወይስ ወደዷት፣ ከፊታቸው የሚነበብ ነገር የለም።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት አባቷ እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን እምቢ ብሎት፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ደብቆ አብሯት መጣ። ግንባሯን ሳማት። በተንቀሳቃሽ አልጋ አስገቧት። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ መብራቱ ትልቅ ነበር። ከራስጌዋ ብቅ ያለው ፊት ግን የምትጠብቀው አይደለም፤ ሽበት የወረሰው፣ ጠይም፣ ክብ ፊት ያለው ሰው ነው።

«እንደምን አደርሽ። ዛሬ የምሠራሽ እኔ ነኝ።»

«ትልቋ ዶክተርስ?»

«አልገባም አሉ።»

ልቧ ወደቀ። እዚያው አልጋው ላይ ተጋድማ፣ ጣሪያውን እያየች፣ ሊነኳት እንኳ ጠሏት ማለት ነው ብላ አሰበች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

«ለምን አሉ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እየሳበ። «አብረን ስንሠራ ያረጀን ሰዎች ነን። ከአንድ ቀን በቀር ቢላ አስረክበውኝ አያውቁም። ዛሬ ጠዋት ግን በሩ ላይ አስቆሙኝና እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ‹እየው፣ አላርፍ ብሎኛል፤ ይቺን ልጅ አንተ ሥራልኝ፣ አደራ› አሉኝ። እንዲህ ሲሆኑ ያየኋቸው አንዴ ብቻ ነው፤ የልጃቸውን ክንድ የጠገንኩ ጊዜ።»

አሯሯጯ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሳቀች። ከሆዷ የመጣ፣ አልጋውን የሚያነቃንቅ ሳቅ ነበር፤ እንባዋም አልቆመም።

ሐኪሙ ወደ ማደንዘዣ ባለሙያው ዞረ። «ሰጥተሃታል እንዴ?»

«ኧረ ገና ነኝ!»

«እንግዲህ ሰላም ይሁን» አለ ሐኪሙ ግራ ገብቶት። እሷ ግን ሰላም ከሆነች ቆይታለች። ጭንብሉ ሲቀርብላት፣ ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን እንደሚዘጋ አድርጋ ተነፈሰች።

ስትነቃ መጀመሪያ የሰማችው የአባቷን ድምፅ ነው።

«…እሳቸው ደግሞ ጸሎት ይጀምሩና መሃል ላይ ይጠፋባቸዋል። እኔ ነኝ እያስታወስኩ ያስጨረስኳቸው። ሐኪም የሆነ ሰው!»

«አያሳጡኝ እንጂ፤ እርስዎም ቢሆኑ ወንበሩን ሲፈቱት ነበር» አለ የትልቋ ዶክተር ድምፅ።

«ላልቶ ነው ያጠበቅኩት!»

ዓይኗን ገለጠች። ልጁ ከግርጌዋ የአልጋውን ብረት ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ስፌቱ ጥሩ ይዟል» አሉ እናትየው። ነጭ ጋውናቸውን አልለበሱም፤ እንደማንኛውም አስታማሚ ሻርፕ ደርበው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። «ልም አጥንትሽም ደህና ነው። አልተበላም። ቀስ ብለሽ፣ ፈጣሪ ሲፈቅድ፣ ትሮጫለሽ።»

«እርስዎ ግን ሰጡኝ» አለች፤ ምላሷ ገና አልተፈታላትም። «ለሌላ ሐኪም።»

ትልቋ ዶክተር እጃቸውን ዘረጉና እጇን ያዙ። ያ ውኃ ቢቀመጥበት አይነቃነቅም የሚባለው እጅ፣ እጇ ውስጥ ሆኖ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። አሯሯጯም እስኪረጋ ድረስ አጥብቃ ያዘችው።